እህቴ፣ ዳይሬክት ዴቢቱን እንዳትነኪው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ስራ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። «በኦክቶበር 2024 የፈረምኩት የስልክ ኮንትራት ገና 14 ወር ይቀረዋል፣ ከኤፕሪል ጀምሮ ሂሳቡን ጨምረውብኛል፣ ብደውል የሚሰማኝ አጣሁ፣ ባንኬ ገብቼ ዳይሬክት ዴቢቱን፣ በየወሩ ከሂሳቤ በራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ፣ ባስቆመውስ?» ነው ያልሽው። ከስር የመለሱልሽንም አነበብኩ። ሦስት ሰዎች «ቁረጪው፣ ምንም አያመጡም» ብለውሻል። እኔንም ልክ እንደዚህ ብለውኝ ነበር። ለዚህ ነው ከስራ ገብቼ ሳልተኛ የምጽፍልሽ። እዚህ እንግሊዝ አገር ያመጣሉ። በእኔ ላይ ያመጡትን አንብቢና ከዚያ ወስኚ።

1ኛ፦ ባንክ ሳትገቢ በፊት ኮንትራቱን ክፈቺ። ኢሜይልሽ ውስጥ አለ። የፈረምሽበት ቀን ወሳኝ ነው። ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በሚፈረም አዲስ ኮንትራት ላይ «የዋጋ ግሽበቱን ያህል በመቶኛ እንጨምራለን» ብሎ መጻፍ ተከልክሏል። የከለከለው የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው መስሪያ ቤት ኦፍኮም ነው። አሁን ጭማሪ ካለ በፓውንድና በፔንስ ስንት እንደሆነ፣ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር፣ ሳትፈርሚ በፊት በግልጽ ሊያሳዩሽ ግድ ነው። ጭማሪው ራሱ ግን አልተከለከለም። ብዙ ሰው «ሕጉ ወጥቷል፣ መጨመር አይችሉም» እያለ ያወራል፣ ስህተት ነው። አንቺ ደግሞ የፈረምሽው በኦክቶበር 2024 ስለሆነ ከአዲሱ ሕግ በፊት ነሽ፣ እንደኔ ማለት ነው። ስለዚህ ያንቺ ወረቀት ላይም የዲሴምበር ግሽበት ሲደመር 3.9 በመቶ የምትል መስመር ልትኖር ትችላለች። በኤፕሪል 2025 ይሄ 6.4 በመቶ ነው የመጣው። የጨመሩብሽ ወረቀትሽ ላይ ካለው ጋር የሚገጥም ከሆነ በጭማሪው ብቻ ተነስተሽ በነጻ መውጣት አትችዪም። ከዚህ ከበለጠ፣ ወይም መስመሩ ጭራሽ ከሌለ፣ ያኔ ነገሩ ይገለበጣል። ኮንትራቱ ላይ ያልነበረ ጭማሪ ሲያመጡ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሊያሳውቁሽ ይገባል፣ አንቺም ያለ ቅጣት የመውጣት መብት አለሽ። ለዚህ አንድ ወር ይሰጡሻል።

2ኛ፦ ዳይሬክት ዴቢቱን አትንኪው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

በኖቬምበር 2022 የስልኩ ዋጋ ጭምር ያለበት፣ የ24 ወር ኮንትራት ፈረምኩ። በወር 42 ፓውንድ። ወረቀቱ ላይ ያቺ መስመር ነበረች፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ። አላነበብኳትም። የዚያ ዲሴምበር ግሽበት 10.5 በመቶ ወጣ። 3.9 ሲደመርበት 14.4 በመቶ ሆነ። ገና በአምስተኛ ወሩ 42ቱ ፓውንድ 48 ከ5 ፔንስ ገባ። ተናደድኩ፣ ግን ከፈልኩ። በዓመቱ ኤፕሪል ላይ ደግሞ 7.9 በመቶ ጨመሩ። እሱም በ42ቱ ላይ አይደለም፣ አስቀድሞ በጨመረው ላይ ነው። 51 ከ84 ፔንስ። በአንድ ኮንትራት፣ በአንድ ስልክ፣ ምንም አዲስ ነገር ሳይሰጡኝ በወር ወደ 10 ፓውንድ ጨመሩብኝ ማለት ነው። 10 ፓውንድ ለሌላው ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ደሴ ለእናቴ ከምልከው ላይ ነው የሚነሳው።

ደወልኩ። ሙዚቃ። 50 ደቂቃ ጠብቄ ተቋረጠ። በበነጋው ከስራ መልስ ሱቃቸው ሄድኩ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሱቁ ሰራተኛ ቢሌን በሁለት ጣቱ ይዞ አየት አደረገና መለሰልኝ። «ኮንትራትህ ላይ አለ» አለ። መቼ ነው የነገራችሁኝ አልኩት። በእንግሊዝኛ ነው ያናገርኩት፣ እዚህ አገር 13 ዓመቴ ነው፣ ስራዬም በእንግሊዝኛ ነው። እሱ ግን ከኔ ዞር ብሎ ወደ ልጄ ጎንበስ አለና «ለአባትሽ አስረጂው፣ ሲፈርም ተስማምቷል በይው» አላት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስካሁን አልረሳውም። እጇን ይዤ ወጣሁ።

ለማንኛውም ሰው ይሄ ቁጣ ነው የሚያበላሸው። እኔንም ያበላሸኝ ጭማሪው አይደለም፣ በዚያ ቁጣ ያደረግኩት ነው። ያን እሁድ ቡና ላይ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንዱ ወንድማችን «ምን ታስጨንቃለህ፣ ዳይሬክት ዴቢቱን ቁረጠውና ሌላ ሲም ግዛ፣ እኔ ሁለቴ አድርጌዋለሁ» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ የባንኬን አፕ ከፈትኩና ሰረዝኩት። ግንቦት 2024 መሆኑ ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ። ስድስት ወር ብቻ ነበር የቀረኝ። ስድስት ወር!

ቀጥሎ የሆነው እንዲህ ነው። ዳይሬክት ዴቢት መሰረዝ ኮንትራት መሰረዝ አይደለም። ሂሳቡ መቁጠሩን ቀጠለ። መጀመሪያ በኢሜይል አስታወሱኝ፣ አልከፈትኩትም። ከዚያ መስመሩን ዘጉት። የቀረውን ወር ሁሉ በአንድ ላይ አድርገው 298 ፓውንድ ጠየቁ። ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ደብዳቤ ላከ። እኔ ግን በዚያ ክረምት ከስቶክዌል ወደ ክሮይደን ቤት ቀይሬያለሁ፣ ለባንክና ለትምህርት ቤት አዲሱን አድራሻ ነግሬ ለስልኩ ድርጅት አልነገርኩም። ደብዳቤው ሁሉ የድሮው ቤት በር ስር ነው የተከማቸው። ድምፃቸው ሲጠፋ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለዚያ ወንድማችንም አመሰገንኩት።

ጃንዋሪ 2025 ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አገኘን፣ ከልጄ ትምህርት ቤት በእግር አሥር ደቂቃ። አንድ መኝታ ውስጥ ለአራት ነው የምንኖረው። ኪራዩን እንችላለን፣ ሁለታችንም እንሰራለን፣ የደሞዝ ወረቀታችንን ሰጠን። በሦስተኛው ቀን ኤጀንሲዋ ቢሮ ጠራችኝ። ምንም ሳትል ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ስሜ፣ የስቶክዌል አድራሻዬ፣ የስልክ ድርጅቱ ስም፣ ከጎኑ በቀይ «ዲፎልት»፣ ማለትም ዕዳውን አልከፈለም፣ 298 ፓውንድ። ጋራንተር፣ ማለትም ዋስ፣ ካመጣህ ብቻ አለችኝ። የቤት ባለቤት የሆነ፣ ደሞዙ ከኔ የበለጠ ሰው ከየት ላምጣ? ቤቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ልጆቼ እስከ ዛሬ ከኛ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚተኙት።

በማግስቱ 298ቱን ከፈልኩ። መክፈሌ «ተከፍሏል» የሚል ጽሑፍ አስገኘ እንጂ ዲፎልቱን አላነሳልኝም። ክሬዲት ፋይል፣ ማለትም የዕዳና የክፍያ ታሪክ መዝገብ፣ ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል። የኔ እስከ 2030 ነው። አንቺ ነገ ቤት ልትከራዪ፣ መኪና በብድር ልታወጪ፣ ምናልባትም ሞርጌጅ ልትጠይቂ ትችያለሽ። በወር ሦስት ፓውንድ ለማትሞላ ጭማሪ ስድስት ዓመት አትክፈዪ። «ሁለቴ አድርጌዋለሁ» የሚልሽንም ሰው ክሬዲት ፋይልህን አይተኸው ታውቃለህ በይው። ይሄን መዝገብ የሚይዙት ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስ፣ ትራንስዩኒየን የሚባሉት ሦስቱ ድርጅቶች ሪፖርትሽን በነጻ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው። እዚያው ላይ የሆነውን በራስሽ ቃል፣ እስከ 200 ቃል፣ እንዲያያዝልሽ መጠየቅም ትችያለሽ። እኔ ጽፌያለሁ። ልጄ ፊት የተባልኩትንም ጨምሬ።

3ኛ፦ ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ሚስቴ ያደረገችውን አድርጊ። በዚህ ነገር እኮራባታለሁ።

እሷም ኖቬምበር 2024 ላይ በስልክ ነው የተዋዋለችው፣ 23 ፓውንድ፣ 24 ወር። የሸጠላት ሰው «እስከ መጨረሻው 23 ነው» ብሏታል። በኤፕሪል 2025 ሂሳቡ 24 ፓውንድ ከ47 ፔንስ ሆኖ መጣ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ እሷ ግን «የዋሸኝን አልተውለትም» አለች። እኔ በደረሰብኝ ተምሬ ስለነበር ክፍያውን አላቋረጥንም። በየወሩ እየከፈልን ነው የታገልነው። እዚህ ላይ በደንብ አስምሪበት፣ እየከፈልሽ ነው የምትከራከሪው።

በስልክ አልተከራከረችም፣ በጽሑፍ ነው። ርዕሱ ላይ «ፎርማል ኮምፕሌይንት» (መደበኛ ቅሬታ) ብላ ጻፈች፣ ቀኑን ያዘች፣ የላይቭ ቻቱን ሁሉ ስክሪንሾት አነሳች። ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው ከመፈረሟ በፊት ሊሰጣት የሚገባውን የኮንትራት ማጠቃለያ፣ ያቺን አጭሯን ወረቀት፣ መቼ እንደላኩላት እንዲያሳዩ። ሁለተኛው ስትዋዋል የተቀዳው ድምፅ። ድምፅሽ የራስሽ መረጃ ነው። ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት፣ ማለትም ስለ እኔ የያዛችሁትን መረጃ ስጡኝ ብለሽ ስትጠይቂ በአንድ ወር ውስጥ በነጻ ሊሰጡሽ ይገባል። መጀመሪያ «አልተቀዳም» አሉ። እሷ ደግማ ጻፈች። በ27ኛው ቀን ድምፁ በኢሜይል መጣ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ሰማነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሰውዬው ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፦ ዋጋው ለ24 ወር አይለወጥም። ሚስቴ ሦስት ጊዜ መልሳ አጫወተችው።

ደቂቃዋን ጠቅሳ ላከችላቸው። ስምንት ሳምንት (በ2025 ወሰኑ ይሄ ነበር) ከሞላ ወይም «ከዚህ በላይ አናይልሽም» የሚል ዴድሎክ ደብዳቤ ከሰጡኝ ወደ ኦምቡድስማን፣ ከኩባንያው ውጭ ሆኖ ቅሬታ ወደሚዳኘው አካል፣ እሄዳለሁ ብላ ጨመረችበት። ይሄ ነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልገውም። ኩባንያሽ ወይ ኮሚዩኒኬሽንስ ኦምቡድስማን ወይ ሲሳስ ከሚባሉት በአንዱ ስር ነው፣ ውሳኔውን አንቺ ከተቀበልሽው እነሱን ያስገድዳቸዋል። ለኦፍኮም መጻፍም ጥሩ ነው፣ ግን የአንድ ሰው ቅሬታ አይፈታልሽም፣ እሱን እየጠበቅሽ ጊዜሽን አትጨርሺ። እነሱ እስከ ስምንተኛው ሳምንት አልደረሱም። በሰባተኛው ላይ ደወሉላት፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ያለ ቅጣት ለቀቋት፣ 50 ፓውንድም መለሱላት። እኔን ሱቅ ውስጥ በልጄ በኩል ያናገረኝ ያው ኩባንያ ነው። ወረቀትና ድምፅ ሲቀርብባቸው ቋንቋቸው ሌላ ነው።

አሁን ሚስቴ የ30 ቀን ሲም ኦንሊ፣ ስልክ የሌለበት የሲም ብቻ ውል፣ ላይ ናት፣ ስልኩን ለብቻው ገዝተን። ጊፍጋፍ፣ ስማርቲ፣ ሌባራ የመሳሰሉት እንዲህ ያለ አላቸው። ዋጋው ካልተስማማሽ በወሩ ትወጫለሽ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ፣ ካለሽ ደግሞ ሶሻል ታሪፍ (ድጎማ ለሚያገኝ ሰው የተቀነሰ ዋጋ) አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ራሳቸው አያነሱልሽም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ለመውጣት ስንት እንደምትከፍዪ ለማወቅ ከዚያው ሲም በእንግሊዝኛ ኢንፎ ብለሽ ወደ 85075 ጻፊ፣ ቅጣቱን በቴክስት ይልኩልሻል። ፒ ኤ ሲ የሚለውን ወደ 65075 አትላኪ፣ ቢያንስ ሳትወስኚ። እሱ ቁጥርሽን ይዘሽ ለመውጣት ነው፣ ኮዱም የሚሰራው 30 ቀን ነው። አዲሱ ድርጅት ጋ በተጠቀምሽበት ሰዓት የድሮው ኮንትራት ይዘጋል፣ የመውጫው ቅጣትም ሂሳብሽ ላይ ያርፋል። ቅጣቱን ስታውቂ የቀረሽን 14 ወር ጭማሪ ደምሪና አወዳድሪ። ብዙ ጊዜ ጭማሪውን ችሎ መጨረስ ይረክሳል። ያኔም የመጨረሻዋን ቀን ካላንደርሽ ላይ ያዢ። ከማለቁ በፊት ከ10 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማስታወቂያ ይልካሉ። ዝም ካልሽ የስልኩን ዋጋ ከፍለሽ ከጨረስሽ በኋላም ያንኑ ሂሳብ ሊወስዱብሽ ይችላሉ።

ዛሬ ግን የመጀመሪያው ስራሽ ኮንትራቱን መክፈት ነው። ጭማሪውን የሚናገረውን መስመርና የማርችና የኤፕሪል ቢልሽን ፎቶ አንሺና ስምሽንና አድራሻሽን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በስልክ ነው የተዋዋልሽው ወይስ ሱቅ ገብተሽ፣ እሱንም ጻፊልኝ። አሁን ልተኛ ነው፣ ማታ ስራ ከመግባቴ በፊት ከሚስቴ ጋር አይተን እንመልስልሻለን። የእሷን ደብዳቤም ስሙን አጥፍተን እንልክልሻለን፣ ያንቺን ቀንና ዋጋ ብቻ ነው የምትቀይሪበት።