መልስ፦ ኮሮላዬ «ጠቅ» ብላ ዝም የምትለው ከባትሪ ነው ከሞተሪኖ?

ወንድሜ፣ አንዴ «ጠቅ» ብላ ዝም ብላ፣ ደጋግመህ ስትሞክር የምትነሳ ከሆነ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ጠርጥር። ባትሪ ሲደክም «ጠቅጠቅጠቅ» ይላል፣ የዳሽቦርድ መብራትም ይደበዝዛል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን በቮልት መለኪያ ለካው። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ 12.6 ቮልት አካባቢ ሊኖረው ይገባል፤ ተርሚናሎቹንም አጽድተህ አጥብቅ። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፉን ማስነሻው ላይ አዙሮ ይያዝልህ፤ በሞተሪኖው ወፍራም ገመድም ከቁልፉ በምትመጣው ቀጭን ሽቦም 12 ቮልት ገደማ እየደረሰ ካልዞረ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ዴንሶ በሚባለው ብራንድ ሞተሪኖ ብዙ ጊዜ የሚበላው ሶሌኖይዱ (ለሞተሪኖው ኃይል የሚያገናኘው ማብሪያ) ውስጥ ያሉት ሁለት የመዳብ ኮንታክቶች ናቸው፤ በባትሪው በኩል ያለው ቀድሞ ይሳሳል። እነሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ስለዚህ «ሙሉውን ግዛ» ለሚልህ አትቸኩል። ሞተሪኖው መታ መታ ሲደረግ የሚነሳ ከሆነ ግን ካርቦኑን (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን) እይ። ባዶውን «ዥው» ካለ የሞተሪኖው ማርሽ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ አልያዘም።

ስትፈታ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፤ ወፍራሙ ገመድ መኪናው በቁልፍ ቢዘጋም ኃይል ስላለው መፍቻህ ቦዲ ከነካ እሳት ይተፋል። ሁለቱን ብሎኖች ስትፈታ ከብዶ እንዳይወድቅብህ ደግፈው። ስትመልስ የሚቀመጥበትን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፤ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው።