ሽንት አልወጣ ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ ከሲስተር ጋር

ሲስተር፦ በሽንት ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስትጠይቁ ዕድሜ፣ መንስኤው (ፕሮስቴት፣ ስኳር፣ የአከርካሪ ጉዳት) እና ከሸናችሁ በኋላ በአልትራሳውንድ የታየው ቀሪ ሽንት ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ሽንት ያስቸግረኛል፣ ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ ከላይ ያልኩትን አንብብና ተመለስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ቋሚ የሽንት ቱቦ (ካቴተር) አለው፤ ኢንፌክሽኑ አልለቀው አለ።

ሲስተር፦ እጁ ደህና ከሆነ ሐኪሙን ስለ ጊዜያዊ ቱቦ ይጠይቅ። ራሱ አስገብቶ፣ ሽንቱን ጨርሶ፣ ያወጣዋል፤ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ፣ በአንዴ ከ500 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ። የሽንት ሐኪሙ ዶክተር ላፒደስ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ላይ ስለዚህ ዘዴ በ1972 እ.ኤ.አ. ካሳተሙ ወዲህ፣ እንደ ኦፕራሲዮን ክፍል ከጀርም ፍጹም የጸዳ ባይሆንም ንጹሕ እጅ በቂ እንደሆነ ይታወቃል። እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቱቦውን በውኃ በሚሟሟ ጄል ይቀባ፣ ቫዝሊን አይሆንም። ብልቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ በቀስታ ያስገባ፤ ሽንት ሲመጣ ትንሽ ይጨምር። አልገባ ካለ አይግፋ፤ በረጅሙ ተንፍሶ ይጠብቅ። መጀመሪያ ግን ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ያሳየው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው ወዲያው ሐኪም ቤት!

አባል፦ ቱቦ የት ይገኛል? አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት የምትልክልኝ፤ እዚያ አንዴ ተጠቅመው ይጥሉታል።

ሌላ አባል፦ እኔ አጥቤ እደግመዋለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።

አባል፦ አንተ ስላልታመምክ ሰው አይታመምም ማለት ነው?

ሌላ አባል፦ እህት የሌለው ምን ያድርግ?

አባል፦ ለነገሩ ቱቦ ኩላሊት ያበላሻል ይባላል።

ሲስተር፦ ኩላሊት የሚያበላሸው ታምቆ የቀረው ሽንት ነው! ቱቦው ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው፤ እጥረት ካለ በራስ ውሳኔ ሳይሆን የሚያክማችሁን ጠይቁ። ወደ ጥያቄ እንመለስ።

ጥያቄ፦ አባባ 72 ዓመታቸው ነው፣ ፕሮስቴት። ኦፕራሲዮን ፈርተዋል።

ሲስተር፦ ከፕሮስቴት መድኃኒቶች ታምሱሎሲን በቀናት ውስጥ ሊያግዝ ይችላል፤ ፊናስተራይድ ወራት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ካልሠራ ሌላውን አማራጭ የቀዶ ሐኪሙ ይንገራቸው። የጉንፋን መድኃኒት ሳይጠይቁ እንዳይወስዱ፣ አንዳንዱ ሽንት ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቱቦ አለኝ፤ ምርመራው ባክቴሪያ አለ አለ። አንቲባዮቲክ ልጀምር?

ሲስተር፦ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ አዲስ ሕመም ከሌለህ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ካለህ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት፤ ደጋግሜ የምለው በምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ሽንት ያስቸግረኛል፣ መድኃኒት ንገሩኝ?

ሲስተር፦ ለሁለተኛ ጊዜ፦ ዕድሜ፣ መንስኤ፣ ቀሪ ሽንት።

የአከርካሪው ልጅ ቤተሰብ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጉዳቱ ከደረቱ መሐል ወደ ላይ ከሆነ፣ ድንገት ራሱን ፈልጦት ፊቱ ቢቀላና ቢያልበው ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ እዩ፤ ወዲያውም ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፣ የደም ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ በጣም ከፍ ሊል ይችላል።