«ስብሰባ አልተጠራም» ካሉ፣ 41 ፊርማ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በሰፈራችን ሰው መዋጮ የተቋቋመ የእግር ኳስ ክለብ ደጋፊ ነኝ። በየወሩ 50 ብር አዋጣለሁ። መስከረም ላይ ሊቀመንበሩ ከአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ጋር የ3 ዓመት የስፖንሰርሺፕ ውል ፈረመ። ክፍያው በዓመት 300,000 ብር፣ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ነው። የድርጅቱ ስም ከክለባችን ስም ፊት ገባ፤ አረንጓዴና ነጭ የነበረው ማሊያችንም ቡናማ ሆነ። ግማሹ ደጋፊ «ያለ ብር ኳስ የለም» ይላል፤ እኛ ደግሞ «ቀለማችን አይሸጥም» እንላለን። ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም። ነሐሴ ላይ የተሰበሰብነው ለክረምቱ ውድድር ነበር። ውሉን ማስፈረስ እንችላለን? የውሉንና የቃለ ጉባኤውን ፎቶ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ውሉ ሊፈርስ የሚችልበት መንገድ አለ። በላኩት ወረቀት ብቻ ግን «ይፈርሳል» ብዬ ልነግርዎ አልችልም፤ ደብዳቤዎና ፎቶዎቹ አይስማሙምና።

ደብዳቤዎ ጠቅላላ ጉባኤ አልተጠራም ይላል። ፎቶው ደግሞ የነሐሴ ቀን ያለበት ቃለ ጉባኤ ያሳያል፤ የ41 ሰው ስምና ፊርማም ተያይዞበታል። ከነዚህ አንዱ የእርስዎ ይሁን አይሁን አልነገሩኝም። ጥያቄውን ያለ ስም ስለላኩ እኔ ልለየው አልችልም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። ጠበቃ ሲይዙ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህንን ይሁን። መፈረምዎ አያሳፍርም። የሚጎዳዎት ለጠበቃዎ ሳይነግሩት ቀርተው ፊርማው ከተከሳሽ ማስረጃ ውስጥ ሲመዘዝ ነው።

ሌላም የዘለሉት ነገር አለ። «ደጋፊ ነኝ» ብለዋል፤ «አባል ነኝ» አላሉም። የ50 ብሩን ደረሰኝ ያውጡና ከላይ የታተመውን ያንብቡ። የክለቡ የአባልነት መዋጮ የሚል ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ የደጋፊዎች ማኅበር የሚል ከሆነ ሌላ ነው። ደረሰኝ ከነጭራሹ ከሌለና ብሩ በአንድ ሰው ስልክ በቴሌብር ሲላክ ከኖረ ግን ነገሩ ይከብዳል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ከሳሽ በክሱ ጉዳይ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆኑን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ጅማ ዋንጫ ያየች ከተማ ናት፤ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። የማሊያ ቀለም ለጅማ ሰው ቀልድ እንዳልሆነ ዳኛውም አይጠፋውም። መዝገብ የሚያስከፍተው ግን አባልነትዎ ነው። አባል ካልሆኑ ከሐሳብዎ ጋር የሚስማሙ አባላትን ይፈልጉ፤ በዚሁ ሕግ ቁጥር 38 መሠረት ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ በጥቂት ተወካዮች በኩል ሊከሱ ይችላሉ።

ስለ ውል ሕጉ ብዙ አላወራም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በአግባቡ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው፤ ቀለሙን አለመውደድ ማፍረሻ አይሆንም። ማፍረሻ የሚሆነው የፈቃድ ጉድለት፣ ሕገ ወጥ ጉዳይ፣ ሕግ ያዘዘው አጻጻፍ አለመጠበቁ፣ ወይም የፈረመው ሰው ሥልጣን ማጣቱ ነው። ይፍረስልኝ ለሚል ክስ ቁጥር 1810 የ2 ዓመት ገደብ ስለሚያስቀምጥ ነገሩን ማሳደር አያዋጣም።

የእርስዎ ጉዳይ ያለው የሊቀመንበሩ የመፈረም ሥልጣን ላይ ነው። የክለቡን መተዳደሪያ ደንብ ግን አልላኩም። ክለቡ ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ ያውጡ፤ ቤት ያለው የቆየ ፎቶ ኮፒ አይበቃም፤ ደንቡ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። የክለቡ ስምና ቀለም በደንቡ ተጽፎ እንደሆነ፣ ደንብ የሚሻሻለው በማንና በስንት ድምፅ እንደሆነ፣ ሊቀመንበሩ ብቻውን እስከ ስንት ብርና እስከ ስንት ጊዜ መዋዋል እንደሚችል ያንብቡ። ስሙና ቀለሙ በደንቡ ከሰፈሩ መጀመሪያ ደንቡ መሻሻል አለበት፤ ሊቀመንበር በውል ብቻ አይቀይራቸውም። ካላችሁ ክርክር ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ስፖንሰሩ ደግሞ «ጉባኤው አጽድቆታል፤ ይኸው ቃለ ጉባኤው» ይላል።

ሰው ሁልጊዜ የሚወድቅበት ወጥመድ እዚህ ላይ ነው፤ የመገኘት ፊርማ። በክለብ ብቻ አይደለም፤ በእድርም፣ በኅብረት ሥራ ማኅበርም፣ በወላጅ ኮሚቴም ያው ነው። ስብሰባው ሲጀመር የተሰመረ ወረቀት ይዞራል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ሰው እያወራ ይፈርምና ለጎኑ ያቀብላል። ወረቀቱ ላይ አጀንዳ የለም፣ ቀን የለም፣ የገጽ ቁጥር የለም። ከሳምንት በኋላ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ በኮምፒውተር ይጻፍና ያ ወረቀት በስቴፕለር ከኋላው ይያዛል። ሻይ ሲጠጣ የነበረው ሰው ሁሉ «በሙሉ ድምፅ አጽድቋል» ማለት ነው።

የእናንተም እንዲህ ነው አልልም፤ ይመስላል ግን። የመጀመሪያው ገጽ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፤ ጽሑፉ ገጹ እኩሌታ ላይ አልቆ ከሥሩ ባዶ ነው። ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ እያለ ፊርማው ለምን ወደ ሌላ ወረቀት ሄደ? ሁለተኛው ገጽ በእጅ የተሰመረ ነው። የክለቡ ማኅተም ያረፈው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ገጾች የአንድ ሰነድ መሆናቸውን የሚያሳይ ቁጥርም ሆነ አጭር ፊርማ የለም። ስንት ሰው ደገፈ፣ ስንት ተቃወመ፣ ስንት ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ የሚልም አልተጻፈም። እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬ ያሳድራሉ እንጂ አንዳቸውም ብቻውን ሰነዱን አይጥልም። በቅንነት እንዲህ የሚሠራ ክለብ ሞልቷል።

ሕጋችን ደግሞ ለጽሑፍ ያደላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል ስለ ይዘቱና ስለ ቀኑ በቂ ማስረጃ ነው ይላል፤ ቁጥር 2006 ሰነድን በምስክር የማስተባበያ በሩን ያጠብባል። ድንጋጌዎቹ የተጻፉት ስለ ውል ስለሆነ ለቃለ ጉባኤ ምን ያህል እንደሚሠሩ ያከራክራል፤ እሱን ለጠበቃዎ ይተዉት። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት «እኔ እኮ የፈረምኩት መገኘቴን ነው» የሚል ቃል ብቻውን ይዞ ችሎት መቆም ከባድ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ፊርማው የእርስዎ ከሆነ እንዳይክዱ። የተካደ ፊርማ ለምርመራ ይላካል፤ የእርስዎ ሆኖ ከተገኘ እውነተኛው ክርክርዎም አብሮት ይወድቃል። መያዝ ያለብዎት አቋም «ፊርማው የእኔ ነው፤ የፈረምኩት ግን በዚህ ውሳኔ ላይ አይደለም» የሚለው ነው።

ለዚህ ከምስክር በፊት ወረቀት ይቁጠሩ። የነሐሴው ስብሰባ በምን ተጠራ? በቴሌግራም ከሆነ መልእክቱ ከነቀኑና ከነላኪው ሳይሰረዝ ይቆይ፤ ፎቶ አንስቻለሁ ብለው ስልኩን እንዳይሸጡ፣ ዋናውን አምጡ ሊባሉ ይችላሉና። ጥሪው «የክረምት ውድድር» ብቻ የሚል ከሆነ እጅግ ይጠቅማል። ከዚያ 41ዱን ስም ከአባላት መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ስንቱ አባል ነው? ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም አለ? ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ አለ? በዚያ ቀን ጅማ ያልነበረስ? የዕለቱን የአውቶቡስ ትኬት ይዞ «እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ» የሚል አንድ ሰው «አጀንዳው አልተነሳም» ከሚሉ አሥር ምስክሮች ይሻላል። ምልዓተ ጉባኤውንም አይርሱ። ደንቡ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት ካለና ክለቡ ለምሳሌ 120 አባላት ካሉት፣ 41 ሰው ውሳኔ ማሳለፍ ቀርቶ ስብሰባ መክፈት አይችልም። ያኔ ስለ ፊርማው መከራከርም ላያስፈልግ ይችላል።

የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ለማየት የሚጠይቁት በጽሑፍ ይሁን። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥተው በሌላው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ከነቀኑ ያስፈርሙ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላኩና ደረሰኙን ያኑሩ። መዝገቡ የተጠረዘ ደብተር ከሆነ ከነሐሴው በፊትና በኋላ የተጻፉትንም ገጾች ይዩ፤ ሌላው ስብሰባ ሁሉ በደብተሩ ተጽፎ ይህ ብቻ በልቅ ወረቀት ከሆነ ምክንያቱን ሊያስረዱ ይገባል። ከከለከሉዎት ክስ ሲቀርብ ጠበቃዎ መዝገቡ እንዲቀርብ ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል።

እስከዚያው በደጋፊዎች ቴሌግራም ላይ «ፎርጅድ ነው»፣ «ሊቀመንበሩ ሸጠን» እያላችሁ አትጻፉ። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ከባድ ወንጀል ነው፤ ሳይጣራ በስም መጥራት ደግሞ እናንተን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 እና በወንጀል ሕጉ ቁጥር 613 ስለ ስም ማጥፋት ሊያስጠይቃችሁ ይችላል። የሜዳው አጥር ላይ የተሰቀለውን የድርጅቱን ባነር መቅደድም እንዲሁ። ባለ መብት ሆኖ መጥቶ ካሳ ከፋይ ሆኖ የሚመለስ ሰው የሚበዛው በዚህ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ የሚዞር ወረቀት ሲደርስዎ ከላይ አጀንዳና ቀን ከሌለው ራስዎ ይጻፉበት፤ ከፊርማዎ ጎን «ለመገኘት ብቻ» ይበሉ። ውሳኔ ተቃውመው ከሆነ የልዩነት ሐሳብዎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይሰፍር ከስብሰባው አይውጡ።

ወደ ብሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ክፍያ 150,000 ብር ገብቷል? በክለቡ የባንክ ሂሳብ ነው ወይስ በሰው ስም? ጫማ ተገዝቶበታል? ቡድኑ ቡናማውን ማሊያ ለብሶ ስንት ጨዋታ ተጫወተ? ደብዳቤዎ ስለዚህ ዝም ብሏል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ውክልና በሚናገረው ቁጥር 2190፣ ወኪል ከሥልጣኑ አልፎ የሠራውን ወካዩ ሊያጸድቀው ወይም ሊክደው ይችላል። ብሩን እየበሉ፣ ማሊያውን እየለበሱ «አናውቀውም» ማለት ግን ጸድቋል ለሚለው ወገን ክርክር ማቀበል ነው። ክለቡ በአድራጎቱ ሊቀመንበሩ ሥልጣን ያለው አስመስሎ ከነበረም ቁጥር 2195 ለስፖንሰሩ መከራከሪያ ይሰጠዋል። ውሉ ቢፈርስስ? በቁጥር 1815 ሁለቱም ወገኖች እስከተቻለ ድረስ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ማለትም 150,000 ብሩ ይጠየቃል። መልሱ ከሌላችሁ ካሁኑ አስቡበት።

ኮሚቴውን «ነገውኑ ማሊያውን አውልቁ» ብላችሁ አታስጨንቁት። የውሉ የመጨረሻ ገጽ ያለ በቂ ምክንያት ውሉን ያቋረጠ ወገን 200,000 ብር እንደሚከፍል ይናገራል፤ ቁጥር 1889 እንዲህ ያለውን አስቀድሞ የተቆረጠ ካሳ ይፈቅዳል። ፍርድ ቤት ያፈረሰው ውልና ክለቡ በገዛ እጁ የጣለው ውል አንድ አይደሉም። አስቸኳይ ከሆነ ጠበቃዎ ከክሱ ጋር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ጊዜያዊ እግድ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ይመርምር። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፉት ውልና ቃለ ጉባኤ ሕጋዊ ትርጉም ያስፈልጋቸዋል፤ ወጪውንና ጊዜውን ከሒሳብ ያስገቡ።

በእኔ ግምት ከክሱ በፊት ተጨማሪ ውል መሞከር ያዋጣል። ገሚሱ ደጋፊ የሚያኮርፍበት ማሊያ ለድርጅቱም ማስታወቂያ አይሆነውም። አረንጓዴና ነጩ ለሜዳ ጨዋታ ተመልሶ ቡናማው ከሜዳ ውጭ ቢለበስ፣ ስሙም ከክለቡ ስም ፊት ወርዶ ደረት ላይ ቢቀር ብዙ ነገር ይቀላል። ዋናው ውል በምን ዓይነት አጻጻፍ ተደርጎ እንደሆነ ማሻሻያውም በዚያው ዓይነት ይሁን፤ ሁለት ምስክር ከፈረመበት ሁለት ምስክር ይፈርምበት። በስልክ የተባባላችሁትን አትመኑ።

ሁለተኛው ክፍያ ጥር ላይ እንደሚፈጸም ውሉ ይላል። ከዚያ በፊት አባላት የሆናችሁ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ ለክለቡ፣ ግልባጩን ለድርጅቱ አድርሱ፤ ክፍያውን መቀበል ውሉን እንደማጽደቅ እንዳይቆጠርም በዚያው ደብዳቤ ግለጹ። ደብዳቤውን ግን ጠበቃ ሳያየው አትላኩ፤ አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ያለውን ክርክር ሊያበላሽ ይችላል።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የተረጋገጠውን ደንብ፣ የመዋጮ ደረሰኞችን፣ የስብሰባውን ጥሪ፣ የአባላት ዝርዝሩንና የክለቡን የባንክ መግለጫ ይያዙ። ውሉን ግን ሙሉውን ይያዙ። የላኩልኝ ገጽ 1፣ 2 እና 4 ነው፤ አንቀጾቹ ከ6 ወደ 10 ይዘልላሉ። አለመግባባት በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ በገጽ 3 ካለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ምክንያት ስፖንሰሩ ክሱ ከፍርድ ቤት እንዲወጣ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ገጽ ሳይታይ ክስ እንዳይከፍቱ።