ለሁሉም ታካሚ 80 ሚሊ ኮንትራስት?

«ለደረት ሲቲ ስካን ለሁሉም 80 ሚሊ ኮንትራስት (ደም ስሩ በምስሉ ላይ እንዲደምቅ በመርፌ የሚሰጥ አዮዲን ያለው ፈሳሽ) ነው የምንሰጠው፣ በክብደት ማስላት ልፋቱን ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ በደንብ ያዋጣል። ራዲዮግራፈር ነኝ፣ በሁለቱም መንገድ ሠርቻለሁ፤ ወደ ቋሚው መጠን መመለስ በፍጹም አልፈልግም።

እስቲ አስላው። 350 የሚባለው፣ በአንድ ሚሊ 350 ሚሊግራም አዮዲን ያለው ኮንትራስት፣ 80 ሚሊው 28 ግራም አዮዲን አለው። 45 ኪሎ ለምትመዝን ሴት በኪሎ 620 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳታል፣ 100 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግን 280 ብቻ። እሷ ከሚያስፈልጋት እጥፍ ወስዳለች። እኔ በ120 ኬቪ (የራጅ ቱቦው ቮልቴጅ በኪሎቮልት) ለተለመደው የደረት ምርመራ የምነሳው በኪሎ 300 አካባቢ ነው፤ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው 51 ሚሊ ያህል ይመጣል።

በጣም ወፍራም ሰው ላይ ግን ኪሎውን ዝም ብሎ ማባዛት አያዋጣም። ስብ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ትንሽ ስለሆነ መጠኑ ሳያስፈልግ ይንራል። ቁመትና ጾታን ጨምሮ ከስብ ውጪ ያለውን ክብደት ማስላት ይሻላል፣ ያ ካልተቻለ ጣሪያ አስቀምጡ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ኬቪውን ነው። ከ120 ወደ 100 ስትወርዱ ጨረሩ አዮዲን በደንብ ወደሚይዘው ጉልበት ስለሚጠጋ ያው ኮንትራስት ይበልጥ ይደምቃል፣ ስለዚህ ቀጭን ታካሚ ላይ መጠኑን በአምስተኛ ያህል ቀንሳችሁም ምስሉ አይጎዳም። ትልቅ ሰውነት ላይ ግን ምስሉ ስለሚሻክር አልሞክረውም።

የሳንባ ደም ስር በረጋ ደም መዘጋቱን፣ ማለትም ፒኢ ስትፈልጉ ደግሞ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። መጠኑን ስትቀንሱ ፍጥነቱን እንደነበረ ከተዋችሁት መርፌው ቶሎ ያልቅና ኮንትራስቱ ስካኑ ሳይጀምር ሊያልፍ ይችላል። እኔ የምይዘው የመርፌውን ጊዜ ነው፦ በ15 ሰከንድ 60 ሚሊ ከሆነ በሰከንድ 4 ሚሊ፣ 45 ከሆነ 3 ሚሊ። ከኋላው ሰላይን (የጨው ውሃ) ይከተል፤ በክንዱ ደም ስር የቀረውን ገፍቶ ያስገባዋል፣ ልብ አጠገብ የሚታየውንም የጨረር ጭረት ይቀንሳል። ልቡ የደከመ ታካሚ ላይ ኮንትራስቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ በተቆጠረ ሰከንድ አትጀምሩ፣ ቦለስ ትራኪንግ ተጠቀሙ፣ ማለትም ኮንትራስቱ ደም ስሩ ጋ መድረሱን ማሽኑ እየተከታተለ ስካኑ ያኔ ይጀምር። አንድ ነገር ልጨምር፣ «በጣም ሳብ!» አትበሉ፤ አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሲስቡ ኮንትራስት የሌለው ደም ከታች ወደ ልብ ይገባና ደም ስሩ በጥሩ መጠን እንኳ ደብዝዞ ይቀራል። ነፍሰ ጡሮች ላይ ይሄ ይብሳል። ቀለል አድርገው ተንፍሰው እንዲይዙ ቀድማችሁ አለማምዷቸው።

ኩላሊቱ የደከመ፣ በተለይ ኢጂኤፍአሩ (የኩላሊቱ የማጣራት አቅም መለኪያ) ከ30 በታች የሆነ ታካሚ ሲመጣ ከሒሳቡ በፊት ሐኪሙን አነጋግሩ፦ ኮንትራስቱ በእርግጥ ያስፈልጋል? ትንሽ የሳንባ እባጭ አድጎ እንደሆነ ለመከታተል ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ኮንትራስት ይበቃል።

ልፋቱን ከፈራችሁት፣ ከራዲዮሎጂስታችሁ ጋር ተስማምታችሁ በየ10 ኪሎው መጠንና ፍጥነት የያዘ ሰንጠረዥ ኢንጀክተሩ (ኮንትራስቱን የሚወጋው ማሽን) አጠገብ ለጥፉ። ሚዛንም በር ላይ ይኑር፤ ታካሚው የሚነግራችሁ ኪሎ ብዙ ጊዜ የድሮው ነው።