ጨረቃ ላይ «አረፈ» ወይስ «ተከሰከሰ»?

ጥያቄ፦ «እንደምን ሰነበቱ መምህር? የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ ከጋሊሊዮ እስከ ዛሬ ያለውን የሥነ ፈለክና የህዋ ጉዞ ታሪክ በዓመታት ቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር። ያነበበልኝ ባልደረባዬ ግን ብዙ ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። ‹ጋሊሊዮ ጁፒተርን አገኘ› ያልኩትን ‹ፈለሰፈ› አደረገው። ‹ሉና 2 ጨረቃ ላይ አረፈች› የሚለውን ዝም ብሎ አልፎ፣ ‹ጋጋሪን በ1961 አረፈ› የሚለው ላይ ሲደርስ ‹ሞተ እንዴ?› ብሎ ጻፈበት። ደግሞስ ‹ተኮሰ›፣ ‹አስወነጨፈ› እና ‹አመጠቀ› አንድ ናቸው? ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።»

መልስ፦ ባልደረባዎ ማስመራቸው ልክ ነው፤ ያሰመሩበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ጥያቄዎ ስለ ግስ ቢሆንም መልሱ መዝገበ ቃላት ገልጦ ብቻ አይገኝም። በህዋ ታሪክ ውስጥ ግሱ ራሱ መረጃ ነው። «ዞረ»፣ «አልፎ ሄደ»፣ «አረፈ»፣ «ተላተመ» እያንዳንዳቸው የተለየ ክንውን ይናገራሉ። መጀመሪያ የሆነውን ነገር አጣርተው ይያዙ። ከዚያ በኋላ ግሱ ብዙም አያስቸግርም።

ከጋሊሊዮ እንጀምር። «ፈለሰፈ» በጭራሽ አይሆንም። የሚፈለሰፈው ያልነበረ ነገር ነው፤ መሣሪያ ወይም ዘዴ። ጁፒተር ደግሞ የማንም ፈጠራ አይደለችም። ነገር ግን የእርስዎም «አገኘ» አያስኬድም። ጁፒተርን ሰው ከጥንት ጀምሮ በባዶ ዓይኑ ሲያያት ኖሯል። ባቢሎናውያን ከጋሊሊዮ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ ቀድመው እንቅስቃሴዋን መዝግበዋል። ጋሊሊዮ ያገኘው ጨረቃዎቿን ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 1610 ማታ ቴሌስኮፑን ወደ እሷ ሲያዞር አጠገቧ ሦስት ትናንሽ ኮከቦች ተደርድረው አየ። በማግስቱ ቢመለከት ቦታ ቀይረዋል። ጃንዋሪ 13 ላይ አራተኛ ታየው። ኮከቦች እንዳልሆኑና ጁፒተርን እንደሚዞሩ ያኔ ገባው። ሁሉም ነገር የሚዞረው ምድርን ነው ለሚሉ ሰዎች ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም።

እግረ መንገዴን ልጨምር። «ጋሊሊዮ ቴሌስኮፕን ፈለሰፈ» የሚል ጽሑፍም አያለሁ። እሱም ስህተት ነው። ሃንስ ሊፐርሼይ የተባለ መነጽር ሠሪ በ1608 በኔዘርላንድስ ለዚህ መሣሪያ የባለቤትነት መብት ጠይቆ ነበር። ጋሊሊዮ ወሬውን ሰምቶ የራሱን ሠራ፤ ከዚያም አሻሻለው። ለእሱ «ሠራ» እና «አሻሻለ» ይበቁታል፤ ክብሩን አይቀንሱበትም።

«አገኘ» በአማርኛ በጣም ለጋስ ግስ ነው። የጠፋ ቁልፍ ይገኛል፣ ሥራ ይገኛል፣ ጓደኛም መንገድ ላይ ይገኛል። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ግን ጠበቅ ማለት አለበት። ያየ ሁሉ አላገኘም። የዩራነስን ታሪክ ይመልከቱ። እንግሊዛዊው ጆን ፍላምስቲድ በ1690 አይቷታል፤ ኮከብ መስላው በኮከቦች መዝገቡ ውስጥ አስገባት። ዊልያም ኸርሼል ደግሞ ማርች 13 ቀን 1781 አያትና ከኮከብ የተለየች መሆኗን አስተዋለ። ቦታዋን እንደምትለውጥም ተከታትሎ አረጋገጠ። ስለዚህ ፍላምስቲድ «አየ» እንላለን፤ ኸርሼል «አገኘ»። እንከራከር ካልን እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ጅራታም ኮከብ ያገኘ ነበር የመሰለው። ፕላኔት መሆኗ የታወቀው ሌሎች ጭምር ምህዋሯን፣ ማለትም የምትዞርበትን መንገድ፣ ካሰሉ በኋላ ነው።

ኔፕቱን ላይ ደግሞ አማርኛችን አንድ ደስ የሚል ግስ ያቀብለናል። ዩራነስ ከተሰላላት መንገድ ትንሽ ትንሽ ዝንፍ እያለች ስታስቸግር፣ ፈረንሳዊው ለቬሪየር ከጀርባ የምትጎትታት ሌላ ፕላኔት መኖር አለባት አለ። ቁጭ ብሎ ቦታዋን አሰላ። በእንግሊዝም አዳምስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ተመሳሳይ ስሌት ይዞ ነበር። ለቬሪየር በርሊን ላለው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ለዮሐን ጋለ ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1846 ደረሰ። ጋለ በዚያው ሌሊት ቴሌስኮፑን አዞረና ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ፕላኔቷ ቁጭ ብላለች። ይህን እንዴት እንጻፈው? «ለቬሪየር በስሌት ደረሰባት፤ ጋለ በቴሌስኮፕ አገኛት» ብንል ሁለቱም ድርሻቸውን ያገኛሉ። «ደረሰበት» ማለት በሐሳብ፣ በምርመራ፣ በስሌት ተጉዞ እውነቱን መያዝ ነው። ለኒውተን የስበት ሕግም የሚስማማው ይኸው ነው። ሕጉን ፈለሰፈ ካልን ከእሱ በፊት ነገር ወደ መሬት የማይወድቅ ይመስላል።

ወደ ሮኬቶቹ እንሻገር። «ተኮሰ»፣ «አስወነጨፈ» እና «አመጠቀ» ዝምድና አላቸው እንጂ አንድ አይደሉም። «ተኮሰ» ጠመንጃና መድፍ ይሸተዋል። «ወነጨፈ» ከወንጭፍ ጋር ዘመድ ነው፤ ኃይሉ የሚያርፈው በተላከው ነገር አነሳስ ላይ ነው። «መጠቀ» ደግሞ ወደ ላይ ርቆ መሄድን ያሳያል። እኔ እንዲህ እለያቸዋለሁ፦ ሮኬት ይወነጨፋል፤ ሳተላይት ትመጥቃለች። ሮኬቱ ገፍቶ ሥራውን ሲጨርስ ይቀራል፤ ሳተላይቷ እዚያው ላይ ሆና ትዞራለች። «ሳተላይት ተኮሱ» የሚለውን ዜና ስሰማ የት ልትፈነዳ ነው ያሰኘኛል። ስለ መጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስለ ስፑትኒክ 1 ከሆነ ግን ጽሑፍዎ ሁለቱንም ሊጠቀም ይችላል። ያነሳት አር-7 የተባለው ሮኬት መጀመሪያ የተሠራው አህጉር አቋራጭ ሚሳይል እንዲሆን ነበርና። «ሶቪየት ኅብረት ኦክቶበር 4 ቀን 1957 አር-7 ሮኬትን አስወንጭፋ ስፑትኒክ 1ን ወደ ምህዋር አመጠቀች» ቢሉ ያምራል። «ሩሲያ» ያሉትን ግን «ሶቪየት ኅብረት» ያድርጉት።

ስፑትኒክ 58 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 83.6 ኪሎ ግራም ክብደት ያላት ኳስ ነበረች። ምድርን በ96 ደቂቃ ገደማ ትዞር ነበር። በጽሑፍዎ መጨረሻዋን «ምድር ላይ ወደቀች» ብለውታል። አልወደቀችም። በ1958 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ከምህዋር ወርዳ ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠለች።

አሁን ባልደረባዎን ወዳሳቃቸው «አረፈ» እንምጣ። እዚህ ላይ እውነት አላቸው። በእኛ ቋንቋ የደከመውም ያርፋል፣ ወፏም ታርፋለች፣ አውሮፕላኑም ያርፋል፣ የሞተውም ያርፋል። «ጋጋሪን በ1961 አረፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ሲቆም የሕይወት ታሪክ መዝጊያ ይመስላል። ወደ ህዋ የሄደው የመጀመሪያው ሰው ጋጋሪን ያረፈው፣ ማለትም የሞተው፣ በ1968 በአውሮፕላን አደጋ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የት እና በምን እንዳረፈ ይጻፉ። ጋጋሪን ላይ ግን ሌላም ጣጣ አለ። «ከነመንኮራኩሩ አረፈ» እንዳይሉ። ኤፕሪል 12 ቀን 1961 በ108 ደቂቃ ውስጥ ምድርን አንዴ ዞሮ ሲመለስ፣ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከቮስቶክ 1 ተፈናጥሮ ወጥቶ በራሱ ፓራሹት ነው የወረደው። መንኮራኩሩ ለብቻው አረፈ። ሶቪየቶች ይህን ለዓመታት ደብቀውታል፤ በጊዜው የበረራ ክብረ ወሰን ሕግ አብራሪው ከነመንኮራኩሩ እንዲያርፍ ይጠይቅ ነበርና። ስለዚህ «ጋጋሪን በፓራሹት ወረደ» ይበሉ። ባልደረባዎም ዝም ይላሉ።

ሳያሰምሩበት ያለፉት ሉና 2 ግን በእኔ ዓይን ትልቁ ስህተት ነው። ሉና 2 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር ጨረቃ ላይ አላረፈችም። በ1959 ሴፕቴምበር ወር ፍጥነቷን ሳትቀንስ ሄዳ ከጨረቃ ጋር ተላተመች። ታሪክ የሠራችውም በዚሁ ነው፤ ከምድር ተነስቶ ሌላ የሰማይ አካል የነካ የመጀመሪያው የሰው ሥራ ናት። በደህና ለማረፍ የተቻለው ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሉና 9 ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1966 አርፋ ከጨረቃ ገጽ ላይ የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች ላከች። «አረፈች» ለሁለቱም ከተጻፈ በመካከል ያለው የስድስት ዓመት ልፋት የት ገባ? አንዳንዶች ለሉና 9 «ለስላሳ ማረፍ» ይላሉ። ለጆሮ አይጥመኝም። «በደህና አረፈች» ምን አነሰው?

«ተከሰከሰ» እና «ተላተመ»ንም አያምታቱ። «ተከሰከሰ» አደጋን ያመለክታል። በ1967 የሶዩዝ 1 ፓራሹት በወጉ ሳይዘረጋ ቀርቶ መንኮራኩሩ ከምድር ጋር ሲጋጭ ጠፈርተኛው ቭላዲሚር ኮማሮቭ ሞተ። ያ ተከሰከሰ ነው፤ እዚያ ላይ «አረፈ» መጻፍ ክፉ ቀልድ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2022 ዳርት የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ግን ዲሞርፎስ ከተባለ አስትሮይድ ጋር የተጋጨችው ሆን ተብሎ ነው፤ የአስትሮይዱን መንገድ መቀየር ይቻል እንደሆነ ለማየት። ተችሏል፤ ዲሞርፎስ ትልቁን ጓደኛውን የሚዞርበት ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ አጠረ። ስለዚህ «ተከሰከሰች» ሳይሆን «ተላተመች» ነው የሚባለው።

«ደረሰ»ም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር በ1965 ማርስ «ደረሰች» ብለዋል። አልቆመችም፤ ፎቶ እያነሳች አጠገቧ አልፋ ሄደች። ቮዬጀር 1ን ደግሞ በ2012 «ከፀሐይ ሥርዓት ወጣች» ብለዋታል። የወጣችው የፀሐይ ነፋስ ከሚነፍስበት ክልል ነው። የፀሐይ ስበት ግን ከዚያ እጅግ አልፎ ይሄዳል። «በከዋክብት መካከል ወዳለው ህዋ ገባች» ቢሉ ማንም አይከራከርዎትም። «ህዋ» ወይስ «ጠፈር» ለሚለው ብዙ አልቆይም፤ «ጠፈር» በኦሪት ዘፍጥረት ውኃን ከውኃ የሚለየው ነው፣ ዛሬ ግን ሁለቱም ይሠራሉ። እኔ ለቦታው «ህዋ»ን፣ ለሰውየው «ጠፈርተኛ»ን እመርጣለሁ።

የአፖሎ ክፍልዎ ጥሩ ነው። ሆኖም «ወደ ጨረቃ የሄዱ 12 ሰዎች» የሚለውን ያስተካክሉ። በአፖሎ የሄዱት 24 ናቸው፤ የረገጡት 12። አፖሎ 8 በዲሴምበር 1968 ጨረቃን ዞራ ተመለሰች እንጂ አላረፈችም። በአፖሎ 11ም ማይክል ኮሊንስ ጨረቃን እየዞረ ጓደኞቹን ሲጠብቅ ነበር። ሕዝባችን «ጨረቃ ላይ ወጣ» ይላል። ስህተት ነው ብለው እንዳይሰርዙት። ከምድር ለሚያይ ወጣ ነው፤ ንስር ከተባለችው ማረፊያ መንኮራኩር መሰላል ላይ ለቆመው አርምስትሮንግ ደግሞ ወረደ ነው። ግልጽ እንዲሆን ከፈለጉ «ረገጠ» አለልዎት።

በመጨረሻ ያልጠየቁኝን ልናገር። እርስዎ ዓመቶቹን ያለ «እ.ኤ.አ.» ነው የደረደሩት። «በ1961» ብቻ ሲባል ተማሪው ምን ይረዳ? እ.ኤ.አ. 1961 ጋጋሪን የበረረበት ዓመት ነው። 1961 ዓ.ም. ደግሞ አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠበት! አንድ ቁጥር ሁለት ታሪክ ተሸክሟል። ወሮቹን ስንቀላቅል ደግሞ ይብሳል። «ጥቅምት 4 ቀን 1957» ብለው የጻፉት የስፑትኒክ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ኦክቶበርን በስሙ ይተዉት ወይም ሙሉውን ቀን ይለውጡት፤ ግማሹን ከዚያ ግማሹን ከዚህ አይሆንም።

አፖሎ 11ንም «ሐምሌ 20» ብለውታል። ጁላይ 20 ቀን 1969 ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። እዚህም ግሱ ከቀኑ ጋር ይያያዛል። ንስር ያረፈችው ጁላይ 20 ነው። አርምስትሮንግ ጨረቃን የረገጠው ግን ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው፤ በአሜሪካ ገና ጁላይ 20 ማታ ነበር፣ በግሪንዊች ሰዓት ግን ጁላይ 21 ገብቷል። «አረፉ» ካሉ አንዱን ቀን ብቻ ይጻፉ። «ረገጠ» ካሉ ግን በየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ አብረው ያስቀምጡ።