ሲኒዋን መልሱላት፦ ስለ ሶሪያሲስ ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ቆዳ ላይ ቅርፊት የሚያወጣውን በሽታ፣ ሶሪያሲስን፣ አንስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም፤ አብዛኛው ደግሞ ከከተማው ዳር ዳር ነው። አራቱን ልመልስ።

«ባለቤቴ ሶሪያሲስ አለበት። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጄም ላይ ይወጣል?» (ከለገጣፎ)

ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ከወላጆች አንዱ ሲኖርበት ከ100 ልጆች 14 ያህሉ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ካለባቸው ወደ 40 ይጠጋል። ዋናው ዘረመል ኤችኤልኤ-ሲ 06:02 ይባላል፤ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው። እሱን ይዘው ተወልደው ምንም ሳይነካቸው የሚያረጁ ሞልተዋል። ቁርጥ አንድ ዓይነት መንትዮችን እንኳ አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል። ስለዚህ «ዘረመሉን አስመርምሪ» ቢሉሽ፣ ብርሽን ለሕፃኑ ልብስ አድርጊው።

«እህቴ ክርኗና ጉልበቷ ላይ ወፍራም ቅርፊት አለባት። እናታችን ሲኒዋን ለየችባት። ይጋባል እንዴ? ታናሽ ወንድሟ ነኝ።» (ከሰበታ)

አይጋባም። በሲኒ፣ በፎጣ፣ በአልጋ፣ በመተቃቀፍ አይጋባም። ከጭርትም ከቋቁቻም ጋር ምንም አያገናኘውም። የሆነው ይህ ነው፦ ከበሽታ ሊጠብቋት የተፈጠሩት የመከላከያ ሴሎች ጠላት በሌለበት ይነሳሉ። ኢንተርሉኪን 23 እና ኢንተርሉኪን 17 በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይጠራራሉ። ቆዳዋ ቶሎ ቶሎ መባዛት ይጀምራል። በጤናማ ሰው አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የቆዳ መታደስ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ያልቃል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስበታል። ቅርፊቱ እሱ ነው።

አክስቴ ይህ ነበረባት። እንግዳ ሲመጣ ጀበናውን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ነጠላዋን ወደ ክርኗ እየጎተተች ነበር ቡና የምትቀዳው። ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እባክህ ይህን ለእናትህ አንብብላት። ሲኒዋን መልሱላት።

«የ11 ዓመት ልጄን ቶንሲል አሟት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆዷና ጀርባዋ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ወጣባት።» (እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ)

ሐኪም ሳያያት ሶሪያሲስ ነው አልልሽም። ግን ነጠብጣብ መሳዩ ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ላይ የቀሰቀሰው መከላከያ፣ ተጋላጭ ልጅ ሲያገኝ ወደ ቆዳ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። ሐኪሙ ሳይጠይቅሽ የጉሮሮዋን ነገር ንገሪው።

«ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ክኒን ገዝቼ ስወስድ ሶሪያሲሱ ጸድቶልኝ ነበር። ስተወው ብሶ መጣ። አለርት ሆስፒታል ሂድ ይሉኛል። እዚያ ዘነበወርቅ ከታየሁ ግን ሰው ስጋ ደዌ ነው ይለኛል።» (የ58 ዓመት አባት፣ ከዓለም ባንክ)

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ክኒኑ መከላከያውን አፍኖት ነበር። በድንገት ሲቆም የታፈነው ገንፍሎ ይወጣል፤ አንዳንዴም መላ ሰውነት ያቀላል፣ መግል ይቋጥራል። በራስዎ አይድገሙት። አለርት ስሙ በስጋ ደዌ ይነሳ እንጂ ዛሬ ሌላው የቆዳ በሽታም ሁሉ ይታከምበታል። ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይያዙ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ የልብና የግፊት ክኒኖች፣ ሊቲየም፣ ክሎሮኪንም ሊያባብሱት ይችላሉ። ጠዋት ሲነሱ ጣትዎ አልታጠፍ ካለ ወይም ካበጠ ይህንንም ይንገሯቸው፤ ያው መከላከያ መገጣጠሚያንም ያጠቃል።