ስለ ላያ ካርኖሳ ተክል፦ የቡድናችን አባላት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር፣ ፖይንት ሬይስ አሸዋው ላይ ከስንዝር የምታንስ ተክል አየሁ። መሐሏ ቢጫ፣ ዳር ዳሯ ነጭ ነው። ምንድን ናት?

መልስ፦ ላያ ካርኖሳ ናት፤ ከኑግና ከአደይ አበባ ወገን። ነጩን የአበባ ቅጠል ጠጋ ብለሽ ካየሽው ጫፉ ሦስት ጥርስ አለው። በካሊፎርኒያው የክረምት ዝናብ በቅላ፣ በጸደይ አብባ፣ በጋው ሲገባ ትደርቃለች፤ ለከርሞ የሚተርፈው ዘሯ ብቻ ነው። ያለችው በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ፣ ከሐምቦልት እስከ ሳንታ ባርባራ እዚህም እዚያም ነው። ዘሯን አትልቀሙ።

ጥያቄ፦ በረንዳ ላይ በማሰሮ ትበቅላለች?

መልስ፦ ተዋት።

ጥያቄ፦ በሕግ ትጠበቃለች?

መልስ፦ አዎ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዕፅዋት ተርታ መዘገባት፤ በ2022 ደረጃዋ አንድ እርከን ተሻሻለ። ጥበቃው ግን አልተነሣም።

ጥያቄ፦ ጠላቷ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ ነው ጥያቄ! ዋናው የአውሮፓ የአሸዋ ሣር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አሸዋውን ይገታል ተብሎ መጣ። አሸዋ ሲያለብሰው ሽቅብ ያድጋል፤ እንደገና አሸዋ ይይዛል፤ በመጨረሻ ከባሕሩ ትይዩ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ላያ ደግሞ የምትፈልገው ነፋስ የሚያንቀሳቅሰውን ገላጣ አሸዋ ነው። ዘሯ በነፋስ ተጉዞ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ካጣ አለቀላት። የግብጦ ዘመድ የሆነው ቢጫ ሉፒንም በሐምቦልት አሸዋውን በናይትሮጅን አዳብሮ ለአረም ያመቻቻል። እዚያው ሐምቦልት፣ ላንፊር በተባለው የአሸዋ ክምር ላይ ሣሩን በእጅ ቆፍረው ነቀሉት፤ ሥሩ ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ እስኪዝል ድረስ ደጋግመው ነቀሉት። የአገሩ ዕፅዋት ተመለሱ።

ሌላ አባል፦ ሣሩ ሲነቀል አሸዋው መንገድና ቤት ቢውጥስ?

ሌላ አባል፦ ባሕር ዛፍም እንዲሁ ይጠቅማል ነበር የሚባለው፤ ምንጩን አደረቀው እንጂ!

ሌላ አባል፦ ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ በምን እንጀራ ትጋግር ነበር?

መልስ፦ የባሕር ዛፉን ክርክር ሌላ ቀን። ቤት ያለበት ቦታ ለብቻው ይታያል፤ እኔ የምናገረው ቤት ስለሌለበት አሸዋ ነው።

ጥያቄ፦ ማዳበሪያ ያስፈልጋታል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ፤ የሚጎዳት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዘሯ የት ይገኛል?

መልስ፦ ደግሜ ልናገር? ዘሯን አትልቀሙ፣ አትግዙ፣ አትሽጡ! በአንድ ዓመት ሕይወቷን ለምትጨርስ ተክል ከእጃችሁ የገባው ዘር የከርሞው አበባ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ መቼ ሄደን እንያት?

መልስ፦ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት እስከ ሰኔ። ከተከለለው መንገድ አትውጡ፤ ገና ሳታብብ አሸዋው ላይ አትታይም፣ ትረግጧታላችሁ።